የጊዜ መዘግየት ፊዚክስ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እንቅስቃሴና ስበት የጊዜን አካሄድ እንዴት እንደሚለውጡ ማጥናት እወዳለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ይሄ ምን እንጀራ ይሆንሻል?» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ የምትወጂው ትምህርት አንጻራዊነት (ሪላቲቪቲ) ይባላል፤ «የአንጻራዊነት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ። የሚፈለገው ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቆጥሮ ቦታ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ በቅየሳ፣ በቴሌኮምና በሳተላይት ዘርፍ አለ።

የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በሰከንድ 3.9 ኪሎ ሜትር ያህል ይከንፋል። ፍጥነቱ ሰዓቱን በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያዘገየዋል፤ ከምድር ስበት መራቁ ደግሞ 45 ያስቀድመዋል። ተጣርቶ 38 ይቀድማል። ጂፒኤስ ርቀት የሚለካው ምልክቱ በፈጀው ጊዜ ነው፤ ብርሃን ደግሞ በዚህች ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ተማሪ የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ የ38ቱ ልዩነት የሚታረመው ሳተላይቱ ከመምጠቁ በፊት ነው፤ ሰዓቱ ከመደበኛ ምቱ፣ ከ10.23 ሜጋኸርዝ፣ በጣም በጥቂቱ ዝቅ ተደርጎ ይላካል። ለመሬቱ ተቀባይ የሚተርፈው ከምህዋሩ ሞላላነት የሚመጣው ነው። ሳተላይቱ ወደ ምድር ቀረብ ሲል ይፈጥናል፣ ሰዓቱም ይዘገያል፤ ሲርቅ ተቃራኒው ይሆናል።

ይህን በእጅሽ ሥሪው። ሪኔክስ የሚባለው፣ የሳተላይቶቹን ምህዋር የሚዘረዝረው የናቪጌሽን ፋይል በነጻ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ የጂፒኤስ ሳተላይት መዝገብ ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለተኛው ቁጥር ሞላላነቱ ነው፤ አራተኛው የምህዋሩ ግማሽ ረጅም ዘንግ ስኩዌር ሩት ሲሆን 5,153 አካባቢ ነው። ሁለቱን አባዝተሽ በ4.4428 × 10⁻¹⁰ ስታባዢ ትልቁን ልዩነት በሰከንድ ታገኛለሽ። ሞላላነቱ 0.01 ቢሆን 23 ናኖ ሰከንድ ይወጣል፤ በርቀት ሲመነዘር 7 ሜትር ገደማ ነው። የቅጽበቱን ለማግኘት በኤክሰንትሪክ አኖማሊ (ሳተላይቱ ምህዋሩ ላይ የት እንዳለ በሚናገረው አንግል) ሳይን አባዢና ኔጋቲቭ ምልክት ስጪው። ምልክቷን ከሳትሽ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል፤ 7 ሜትሩ 14 ሆነ ማለት ነው። ሌላ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፦ ፋይሉ አንዳንዴ የአስርን ርቢ «ዲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን የሚያነበው «ኢ»ን ነው። ቀድመሽ ቀይሪው።

ከፍታም እንዲሁ ሰዓት ያስቀድማል፣ በምድር ገጽ አካባቢ በየሜትሩ፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ 1.1 × 10⁻¹⁶ ሰከንድ ያህል። እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከእናንተ ሰፈር 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እዚያ ያለ ሰዓት የእናንተን በቀን 9 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ይቀድመዋል። ምርጦቹ ኦፕቲካል ሰዓቶች (በብርሃን ሞገድ የሚቆጥሩ የአቶም ሰዓቶች) የ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት እንኳ ይለያሉ። ማስተርስ ካሰብሽ ከፍታን በሰዓት መለካት የሚያኮራ ርዕስ ነው።

ለሥራ ቅርቡ በር ቅየሳ ነው፤ ከተማዋ በእናንተ በኩል እየሰፋች ነው፣ ይዞታ ይለካል፣ መንገድ ይቀየሳል። ፊዚክስ ብቻውን ግን አያስገባሽም፤ ጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና ቦታ የመለካት ሳይንስ) እና ሊስት ስኩዌር አድጀስትመንት (የልኬት ስህተቶችን የማስታረቅ ስሌት) ጨምሪ። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሳይቀይሩ መቀላቀል ነጥቡን ከ200 ሜትር በላይ ያሸሸዋል። ሜዳ ላይ ሥራ የሚያበላሸው ከአንጻራዊነት ይልቅ ይሄ ነው። ቴሌኮም ከመረጥሽ የኔትወርክ ሰዓት ማናበብን አጥኚ፤ ቲዲዲ የሚባሉት (በአንድ ሞገድ ተራ በተራ የሚልኩና የሚቀበሉ) የ4ጂና የ5ጂ ጣቢያዎች ከማጣቀሻው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ካፈነገጡ አንዱ ሲልክ ሌላው ሲቀበል ይረባበሻሉ።

ኢንተርንሺፕ ስትጠይቂ፣ ለምሳሌ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ «ለሪላቲቪቲ ፍቅር አለኝ» ብለሽ አትጻፊ። ያንን የሞላላነት ስሌት ለአንድ ሙሉ ቀን ሥሪና ማስተካከያው ሲኖርና ሳይኖር ቦታሽ በስንት ሜትር እንደሚለያይ የሚያሳይ አንድ ገጽ ግራፍ አያይዢ። ለቤተሰቦችሽም ያንኑ ገጽ አሳዪአቸው።