412 ኮለም በአንድ ቴብል ይሁን ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። የቡና ገበሬዎች መመዝገቢያ እየሠራህ ነው። ፎርሙ 412 ጥያቄ ስላለው ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ውስጥ 412 ኮለም (ዓምድ) ያለው አንድ ቴብል (ሠንጠረዥ) ልክፈት ወይ ብለሃል። እኔም እዚሁ ጅማ ተመሳሳይ ሥራ ስለሠራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በቁጥር ደረጃ ያልፋል። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር እስከ 1600 ኮለም ይፈቅዳል፤ ሌላው ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ (በተለመደው የማከማቻ ስልቱ) 1017። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን ቀድሞ የሚይዝህ ሌላ ገደብ አለ፤ አንድ ረድፍ ከ65,535 ባይት መብለጥ አይችልም። አማርኛ የምንጽፍበት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ ለአንድ ፊደል እስከ 4 ባይት ይቆጥራል። ስለዚህ ቫርቻር 255 (እስከ 255 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ) ብለህ የከፈትከው ኮለም 1022 ባይት ሆኖ ይታሰባል። 64 ኮለም ላይ ሞላ ማለት ነው።

እኔ ግን የተቃጠልኩት በሌላ ነገር ነው። የእሸት ቡና መረከቢያ ስሠራ ለየወሩ ኮለም ሰጠሁ። መስከረም ኪሎ፣ ጥቅምት ኪሎ እያልኩ እስከ ጳጉሜን 13 ሆነ። ዋጋና ደረጃ ሲጨመር 39። በሁለተኛው ዓመት ሌላ 39። አንድ ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ «እያንዳንዱ ገበሬ በሁለቱ ዓመት ስንት ኪሎ አስረከበ?» አለችኝ። 26 ኮለም አንድ በአንድ ደመርኩ። ውጤቱ ባዶ ወጣ። ሰኔ ላይ እሸት ቡና የሚያመጣ የለማ! ያ ወር ናል (ምንም ያልተሞላበት) ነው፤ ናል የገባበት ድምር ደግሞ ሁሉም ናል ይሆናል። እሱን ሳስተካክል አንዷን ኅዳር ዘለልኳት። የገበሬዎቹ ቡና ጎሎ ታየ። በጭቃ ተሸክመው ያመጡት ቡና ነው፤ እስካሁን ይከብደኛል።

መፍትሔው «ርክክብ» የሚል ቴብል ነበር፦ የገበሬው መለያ፣ ቀን፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ደረጃ። አንድ ርክክብ፣ አንድ ረድፍ። አዲስ ዓመት ሲገባ ቴብሉን የሚነካው የለም።

አንተም ስማቸው ውስጥ ቁጥር፣ ወር ወይም ዓመት ያለባቸውን ለይ። ማሳ1፣ ማሳ2፣ ልጅ1፣ ልጅ2 ካሉ ረድፍ መሆን የነበረባቸው ናቸው። ስለ ገበሬው ብቻ የሚናገሩት 80 ቢቀሩ እንኳ ተዋቸው፤ ሰፋ ስላለ ብቻ ቴብል አይበጣጠስም። ጥቂት ሰው ብቻ የሚሞላቸውን ፖስትግሬስ ከሆነ አንድ ጄሰንቢ ኮለም (ብዙ መልሶችን ከነስማቸው በአንድ ላይ የሚይዝ) ውስጥ ሰብስባቸው።

ሁሉንም «ጥያቄ» እና «መልስ» በሚሉ ሁለት ኮለሞች ልጨርስ እንዳትል ደግሞ አደራ። ኪሎውም ቀኑም ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥና «አስር» ተብሎ የተጻፈ ኪሎ ዝም ብሎ ይገባልሃል።

ምዝገባው ሳይጀመር የኮለሞቹን ስም እዚህ ለጥፈው፤ ማታ አብረን እናየዋለን።