የልጣጩን ቀለም አይታችሁ ወስኑ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው። የባለቤቴ ጓደኛ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፕላንቴን የሚባል ትልልቅ ሙዝ ይዞልን መጣ። አረንጓዴ ነው። እንደ ሙዝ ልልጠው ብል ልጣጩ አልላቀቅ አለኝ፣ ትንሽ ቆርጬ ብቀምሰው ደግሞ አፍ ይይዛል። ተበላሽቶ ይሆን? አንዷ ጎረቤቴ ይቀቀላል ትላለች፣ ሌላዋ በዘይት ነው የሚጠበሰው ትላለች። እኛ ቤት ሠርቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ አልተበላሸም። ፕላንቴን የሙዝ ዘመድ ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ እሳት ሳያየው አይበላም። አረንጓዴ እያለ ውስጡ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ አፍሽን የያዘው ደግሞ ታኒን ነው፣ በብዙ ያልበሰሉ ፍራፍሬዎች ውስጥ አለ። ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ይሄዳል፣ ልጣጩም መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ጎረቤቶችሽ ልክ ናቸው። አረንጓዴውን እንደ ድንች ቁጠሪው፣ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ይቀቀላል፣ ጨው ይወዳል። ቢጫውና ጥቁሩ ጣፋጭ ስለሆነ የሚያምርበት ሲጠበስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ልጣጩ ላይ ነው። በጣት ለመላጥ አትታገዪ። ሁለቱን ጫፎች ቁረጪ፣ ከዚያ በቢላ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ሁለት ሦስት ቦታ ልጣጩን ብቻ ሰንጥቂው፣ ሥጋው ድረስ አይግባ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ አቆዪው። አውራ ጣትሽን በስንጥቁ አስገብተሽ ወደ ጎን ስትገፊው ይላቀቃል። ሙጫ አለው፣ እጅ ያጠቁራል፣ ልብስ ላይ ካረፈ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም፤ እጅሽን ቀድመሽ ዘይት ቀቢው፣ ነጠላሽንም አስቀምጪ።

መቀቀል ካሰብሽ አንድ የደሴ ነገር አለ። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ግን በ100። የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በቪዲዮ “ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል” ሲሉሽ ሰዓት አይተሽ እንዳታወጪው። ጨው ባለው ውሃ ቀቅይና በሹካ ወጋ አድርጊው፣ ሹካው ያለ ትግል ሲገባ ደርሷል፤ ደሴ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢያልፈው አይግረምሽ። ወጥ ውስጥ ከጨመርሽው ቁሌቱ በደንብ ከበሰለና ውሃ ከገባ በኋላ ይሁን። ስታርቹ መረቁን ስለሚያወፍረው ውሃ ጨመር አድርጊ። እኔ በአልጫ ነው የምወደው፣ እርድና ዝንጅብል በጣም ይስማማዋል።

አረንጓዴውን መጥበስም ይቻላል፣ የላቲን አሜሪካ ሰዎች ቶስቶኔስ ይሉታል። ሁለት ጣት ያህል አወፍረሽ ክተፊው፣ በመካከለኛ እሳት ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን ጥበሽው፣ አውጪና በብርጭቆ ቂጥ ተጭነሽ ጠፍጣፋ አድርጊው፣ ከዚያ መልሰሽ ዘይት ውስጥ ክተቺው። መጀመሪያ ላይ እንዲቀላ አትጠብቂ፣ ያን ጊዜ ከቀላ ስትጫኚው ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የሚቀላውና ኩርሽም የሚለው። እንደወጣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሽበት፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉት።

ምክሬ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሺው። ግማሹን ዛሬ ሥሪ፣ ግማሹን አቆዪና ሲጣፍጥ ሞክሪው፤ ሁለቱን ካልቀመስሽ ፕላንቴንን አወቅሽው አይባልም። የደሴ ብርድ ስለሚያዘገየው ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልለሽ ምድጃው አካባቢ አስቀምጪው፣ ከበሰለው ሙዝ የሚወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ አታስገቢው፣ ብርድ ከመታው በደንብ አይበስልም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ፕላንቴን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በተራው ሙዝ ብሠራውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሬ ከሆነ ይሆናል። ገበያ ላይ የምናየው የአርባ ምንጭ ሙዝ ከእርሻው የሚነሳው አረንጓዴ ሆኖ ነው፣ ቢጫ የሚሆነው ነጋዴው ካቆየው በኋላ ነው። ስለዚህ ቸርቻሪው ጋ ከምትለፋ ጅምላ የሚያወርዱትን ጠይቅ፣ “ያልበሰለውን ስጡኝ” በላቸው። አላላጡም አቀቃቀሉም ያው ነው፣ ግን ከፕላንቴን ቶሎ ይበስላል፣ ይለሰልሳልም፣ ስለዚህ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምረው። ቢጫውን ሙዝ ግን አትጥበሰው፣ ዘይት ውስጥ ይፈራርሳል። ፕላንቴን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ጣፍጦም ሥጋው ጠንካራ ነው።

ጥያቄ፦ ገዝቼ ያስቀመጥኩት ፕላንቴን ጠቆረብኝ። ልጣለው?

መልስ፦ እንዳትጥዪው! ለመጥበስ የሚመረጠው እሱ ነው። ናይጄሪያዎች ዶዶ የሚሉትን የሚሠሩት ከበሰለው ነው፣ ጋናዎችም ኬሌዌሌን ሲሠሩ በዝንጅብል፣ በሚያቃጥል በርበሬና በጨው አሽተው ይጠብሱታል፤ ቅመሙ ሁሉ እኛም ቤት አለ። በጎን አዘንብለሽ በሳሳው ክተፊው፣ እሳቱን ቀነስ አድርጊ፣ ስኳሩ ቶሎ ስለሚያር ከመጥበሻው አትራቂ። የጾም ነው፣ ለረመዳን ማፍጠሪያም ይሆናል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቤት ካለ ግን በልክ ይቅመስ፣ አረንጓዴውም ቢሆን እንደ እንጀራና ዳቦ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። የሚጣለው ሻጋታ ያወጣ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ወይም ጠላ ጠላ የሚሸት ከሆነ ብቻ ነው።