ወባ የያዘው ወንድሜ ለባለቤቴ ደም ይስጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ከ5 ሳምንት በኋላ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። ደሟ አነስተኛ ስለሆነ ደም ሊያስፈልጋት ይችላል ተብለናል። ወንድሜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ወባ ይዞት ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ከመጣ ወር ሆኖታል፤ አሁን ደህና ነው። «እኔ እያለሁ ሌላ ሰው አትለምኑ» ይላል። ይስጥ?

መልስ፦ ወንድምዎ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ለጊዜው ግን ደም አይስጥ።

የወባ ጥገኛ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ነው የሚኖረው። ደም ሲሰጥ አብሮ ይሄዳል። የደም ባንክ ማቀዝቀዣም ወዲያው አይገድለውም፤ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። ቆላ የከረመ ሰው ደግሞ ሳያመው ጥቂት ተውሳክ ይዞ ሊዞር ይችላል። ያቺን ጥቂት ተውሳክ ፈጣን ምርመራውም ማይክሮስኮፑም ሊስታት ይችላል። ለተቀባዩ ግን ትበቃዋለች።

«ደሙ ይመረመር የለም ወይ?» ቢሉ፣ አዎ ይመረመራል፤ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ። ወባን በተመለከተ ዋናው መከላከያ ነርሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው፦ በቅርቡ ወባ ይዞህ ነበር? ቆላ ሄደህ ነበር? እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ትልቅ ነገር ነው። ዘመድን ለማዳን ብሎ «ኧረ ምንም አልነበረብኝም» የሚል ሰው ያሳዝነኛል፤ የሚጎዳው ያንኑ የሚወደውን ሰው ነውና። ባለቤትዎ ደጋ ያደጉ ከሆነ ሰውነታቸው ወባን አያውቀውም። ወባ ደግሞ በእርግዝናም በወሊድ ሰሞንም ይከፋል።

ወንድምዎ የያዘው ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ጉበቱን የሚያጸዳው ፕሪማኩይን የሚባለው መድኃኒት ነው። ተሰጥቶት እንደነበር ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። መቼ መለገስ እንደሚችል ደም ባንኩ ይነግረዋል።

ይህን ስላነበቡ ግን ደም እንዳይፈሩ አደራ። እናት ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት «ወባ ይኖርበት ይሆን» ብሎ ደም መከልከል አይታሰብም። መድማት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ወባ በጊዜ ከታወቀ ይድናል።

ችግሩ በጊዜ አለመታወቁ ነው። አንዲት ወላድ አስታውሳለሁ። ደጋ ከተማ ናት፣ ቆላ ረግጣ አታውቅም። ከወለደች 12ኛ ቀኗ ላይ ብርድ ብርድ እያላት፣ ሦስት ጋቢ ደርባ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ሁላችንም የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው ብለን አንቲባዮቲክ ጀመርንላት። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። በሦስተኛው ቀን እናቷ «የወለደች ቀን እኮ ሁለት ከረጢት ደም ወስዳለች» አሉ። ደሟን ለወባ አስመረመርን፤ ተገኘ። መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች፤ እኔን ግን ያ ሦስት ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ባለቤትዎ ደም ከወሰዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣባቸው መጀመሪያ የሚናገሩት ቃል «ደም ወስጃለሁ» የሚል ይሁን።

ለደሙ ደግሞ ከአሁኑ ደጋ ያሉ፣ ጤነኛ የሆኑ፣ ቆላ ያልወረዱ ወዳጆችዎን ወደ ደም ባንክ ይላኩ። 5 ሳምንትም ቀላል ጊዜ አይደለም። የታዘዘላቸውን አይረን ሳያቋርጡ ይዋጡ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት፣ ቡናው ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ቡና የምታፈላው እናታቸው ከሆኑ ይህን እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።