አልፎ አልፎ ለሚከፈት መረጃ የትኛው የክላውድ መደብ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። በወሎ በካሴት የተቀረጹ መንዙማዎችን ከየቤተሰቡ እየተዋስን ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። እስካሁን አንድ ሺህ ሰዓት ያህል አከማችተናል፤ ዋናዎቹ ቅጂዎች ሁለት ቴራባይት ገደማ ይይዛሉ። ካሴቶቹን ለባለቤቶቻቸው ስለምንመልስ ሌላ ቅጂ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚከራይ ማከማቻ) ማኖር እንፈልጋለን። አልፎ አልፎ ለሚከፈት መረጃ ከተዘጋጁት ርካሽ መደቦች የትኛውን እንምረጥ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በእጃችሁ ያለው መረጃ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከወዲሁ ቢታሰብበት መልካም ነው። ጥራቱ ሳይነካ የተገለበጠውን ዋና ድምፅ ምናልባት ለዓመታት የሚከፍተው አይኖርም፤ ከእርሱ ተጨምቆ የሚወጣውን የኤምፒ3 ቅጂ ግን ተማሪውም፣ ተመራማሪውም፣ ካሴቱን ያዋሰው ቤተሰብም ይጠይቃችኋል። ሁለቱን በአንድ መደብ ማስቀመጥ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል።

የአማዞንን የክላውድ ማከማቻ፣ ኤስ3ን፣ እንውሰድ። በአሜሪካ የሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከሉ ዋጋ ሲሰላ (ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከመወሰናችሁ በፊት አረጋግጡ) ሁለት ቴራባይት በመደበኛው መደብ በወር 46 ዶላር፣ አልፎ አልፎ ለሚከፈት መረጃ በተዘጋጀው ስታንዳርድ አይኤ 25 ዶላር፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ መረጃ በተዘጋጀው ግሌሸር ዲፕ አርካይቭ ደግሞ 2 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። መካከለኛው ብዙዎችን ያጓጓል፤ ሆኖም ከመደበኛው መደብ ሲነጻጸር በወር ለአንድ ጊጋባይት የሚያተርፈው አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ሲሆን፣ ፋይሉ በተነበበ ቁጥር የሚጠየቀው ክፍያም ለጊጋባይት አንድ ሳንቲም በመሆኑ፣ በወር አንዴ የሚከፈት መረጃ ትርፉን መልሶ ይበላዋል።

ስለዚህ ዋናዎቹን ቅጂዎች ዲፕ አርካይቭ ውስጥ አኑሯቸው። የኤምፒ3 ቅጂዎቹ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆነው ከተጨመቁ አንድ ሺሁ ሰዓት 60 ጊጋባይት እንኳ ስለማይሞላ፣ በመደበኛው መደብ ቢቀመጡም ወርሃዊ ክፍያቸው ከአንድ ዶላር ተኩል አይበልጥም።

ዲፕ አርካይቭ ውስጥ የገባ ፋይል ግን ወዲያው አይከፈትም። ከጠየቃችሁ በኋላ እስከ 12 ሰዓት፣ ርካሹን መንገድ ከመረጣችሁ እስከ 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፤ ከ180 ቀን በፊት ብትሰርዙትም የቀሪውን ጊዜ ክፍያ ትከፍላላችሁ። በመሆኑም የድምፅ ማጽዳቱንና የፋይል ስያሜውን ሥራ ሳትጨርሱ ወደ ክላውዱ አትጫኑ። ካታሎጉ ከእጃችሁ አይራቅ፤ መንዙማውን ያዜመው ማን እንደሆነ፣ ቀረጻው ከወሎ የእስልምና ማዕከላት የዳና፣ የገታ ወይም የጀማ ንጉሥ መሆኑ በዝርዝር ካልተጻፈ፣ ፋይሉን ሳያስወጡ አድምጦ መለየት ስለማይቻል ያልፈለጋችሁትን ፋይል ስታስወጡ ትኖራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወጪ የማውረጃው ነው። መረጃ ከክላውዱ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ለጊጋባይት 9 ሳንቲም ያህል ስለሚከፈልበት፣ ሁለቱን ቴራባይት በአንድ ጊዜ ማውረድ ከ170 ዶላር በላይ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የክላውዱ ቅጂ ደሴ ላይ ያለውን ሃርድ ዲስክ የሚተካ ሊሆን አይገባም፤ ዲስኩ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ የሚፈለግ መጠባበቂያ ነው።

የጉግል አርካይቭ መደብ ፋይሉን ሳያስጠብቅ ይከፍታል፤ ዝቅተኛው የማቆያ ጊዜው ግን 365 ቀን ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ክፍያው በዶላር ስለሆነ፣ የሚከፈልበት ካርድ የማን እንደሆነና እርሱ ሥራውን ቢለቅ ማን እንደሚረከብ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ወስኑ፤ ክፍያው ተቋርጦ አካውንቱ ከተዘጋ መረጃው ሊሰረዝ ይችላል።