መልስ፦ ምድር ቤት ያለው ፋይል ሳይጣል በፊት

ወንድሜ፣ ቢሯችሁ ከፒያሳ ሊለቅ ነው፤ አለቃህ ደግሞ «ምድር ቤት ያለውን አሮጌ ፋይል በሙሉ አስወግድ» ብሎሃል። የቱን ላስቀር ነው ጥያቄህ። መጀመሪያ ቆራሌው እንዳይጠራ አድርግ።

ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የነዳጅ ደረሰኝ ክምር በሕግ የሚቀመጥበት ጊዜ ካለፈ ይወገድ። የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የሕንፃ ፕላን፣ ፎቶ ግን አይነካም። የደመወዝ መዝገብን ብዙ ሰው ይንቃል። ጡረታ ሊያስከብር የመጣ የድሮ ሠራተኛ አገልግሎቱን የሚያረጋግጥለት ግን እሱ ነው።

የ1967 ዓ.ም. አካባቢ ወረቀቶችን በተለይ ቀስ ብለህ እይ። ያኔ ብዙ ድርጅቶች ተወርሰዋል። የርክክብና የንብረት ቆጠራ ሰነድ ልታገኝ ትችላለህ። አንዳንዱ ፋይል በባለቤቱ ስም ይጀምርና በመንግሥት ማኅተም ያልቃል። ስለዚህ «ላስተካክል» ብለህ በርዕስ አትበታትነው፤ በነበረበት ቅደም ተከተል ተወው። ስትመዘግብ ቀኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተህ ጻፍ፤ ከውጭ አገር ጋር የተጻጻፉት በፈረንጅ ቀን ስለሚሆኑ አለዚያ ሁሉም ይምታታል።

የዛገ ስፒልና አግራፍ አውጣ። የተቀደደው ላይ ፕላስተር አትለጥፍ፣ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል። የድሮ ፋክስ ካለ ዛሬውኑ ኮፒ አድርግ፤ ጽሑፉ እየጠፋ ነው። ስካን ብታደርግም ዋናውን አትጣል (አለቆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ)።

ድርጅታችሁ የመንግሥት ከሆነ ግን ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ፤ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን) ሳትጠይቁ አንድም ሳጥን አይውጣ።