ሪሌዩ ጠፍቶ ሽቦው ለምን ኤሌክትሪክ ይገኝበታል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤቴ በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን አለኝ። በ220 ቮልት የሚሠራውን የመቅረጫ ሞተር የማሽኑ ኮንትሮለር ቦርድ በ5 ቮልት እንዲያዘው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (በትንሽ ቮልት የሚታዘዝ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ገጠምኩ። ሞተሩ በትእዛዝ ይነሣል፣ ይቆማልም፤ ነገር ግን ሪሌዩ ጠፍቶ እያለ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ በቴስተር ስነካው መብራቱ ይበራል። ሪሌዩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ ሲታዘዝ የሚቆም ከሆነ ሪሌዩ ሥራውን እየሠራ ነው። በዚህ ዓይነት ሪሌይ ውስጥ የሚላቀቅ ብረት የለም፤ መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራያክ ወይም ታይሪስተር የሚባል ኤሌክትሮኒክ ክፍል ስለሆነ፣ ከጎኑም ብዙ ጊዜ የመከላከያ ካፓሲተርና ሬዚስተር ስለሚታከልበት፣ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ሚሊአምፒር ያሳልፋል። ይህ መጠን ሞተር አያስነሣም፤ ሰውን ግን ይነዝራል። ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬትም ተገልብጦ ሊሰካ ስለሚችል፣ ሪሌዩ በፌዙ (ኤሌክትሪክ በሚመጣበት ሽቦ) ፈንታ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እያቋረጠ እንዳልሆነ ያረጋግጡ፤ ኒውትራሉን የሚያቋርጥ ከሆነ ሞተሩ ቆሞም ፌዙ እስከ ውስጡ ይደርሳል። ስለዚህ መቁረጫውን በሚቀይሩበት ጊዜ ሁሉ ሶኬቱን ይንቀሉ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ እንደበራ ይቀራል፤ ቦርዱ አቁም ቢለውም ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። በመሆኑም ከሪሌዩ በፊት በማስነሻ ቁልፍ ተይዞ በአደጋ ጊዜ ቁልፍ የሚለቀቅ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲያስገጥሙ አጥብቀን እንመክራለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንታክተሩ የማስነሻ ቁልፉ እስኪነካ ድረስ መስመሩን እንዳቋረጠ ይቆያል፤ ቦርዱ ገና ሲነሣ መውጫዎቹ ለቅጽበት ያልታሰበ ምልክት ቢሰጡም ሞተሩ በድንገት አይነሣብዎትም።

በቦርዱ በኩል፣ መግቢያው ላይ ከ3 እስከ 32 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ተብሎ ለተጻፈበት ሪሌይ 5 ቮልት ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ሪሌይ በተለምዶ 10 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚወስድ፣ የቦርዱ መውጫ ይህን ያህል መስጠት መቻሉን ከመመሪያው ይመልከቱ፤ ካልቻለ በመካከሉ ትራንዚስተር ያስገቡ። በመውጫው በኩል ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) የሚል ምልክት ያለውን ሪሌይ ለዲሲ ሞተር አይጠቀሙበት፤ አንዴ ከበራ በኋላ አይጠፋምና።

ሙቀቱም አይዘንጋ። ሪሌዩ ሲበራ ከ1 እስከ 1.5 ቮልት ያህል በላዩ ላይ ስለሚቀር፣ 8 አምፒር የሚወስድ ሞተር ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጭበታል። ላዩ ላይ የታተመው 40 አምፒር የሚሠራው በቂ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ባለ ክንፍ ብረት) ላይ ሲታሰር ብቻ ነው፤ የእንጨት ብናኝ በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል ከተጠራቀመ ሙቀቱን ስለሚያፍነው፣ ሶኬቱን ነቅለው በየጊዜው ያጽዱት።