የሕፃን አጥሚት በፔርሙዝ እስከ ማታ ይቆያል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 9 ወር ሆኗታል። የፊታችን ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሰርግ አለብን። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥተን የምንመለሰው ማታ ነው። የታሸገ የሕፃን ምግብ አላስለመድኳትም፣ ማስለመድም አልፈልግም። ባለፈው ለቅሶ ስንሄድ ከምጥን ዱቄት የሠራሁላትን አጥሚት በፔርሙዝ ይዤላት ዋልኩ፤ በማግስቱ ተቅማጥ ያዛት። አማቴ «አፍልተሽ ስኳር ካበዛሽበት አይበላሽም» ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ የቤት ምግብዎን አይተዉ። ያለፈው ተቅማጥ ከአጥሚቱ ነው ብዬ መማል ባልችልም፣ እኔ የምጠረጥረው ፔርሙዙን ነው።

ፔርሙዝ የተሠራው የፈላን ነገር እንደፈላ ለማቆየት ነው። ለሕፃን የሚያዘው አጥሚት ግን አፏን እንዳያቃጥላት በርዶ፣ ለብ ብሎ ነው የሚገባው። ፔርሙዙም ያንኑ ለብታ አቅፎ ይውላል። ተህዋስያን የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኙም። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለው አይዘናጉ፤ ብርዱ ፔርሙዙ ውስጥ አይገባም።

«አፍልቼው የለ?» ይሉኝ ይሆናል። እህል ላይ ከሚገኙት ተህዋስያን አንዳንዶቹ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው መፍላትን ያልፋሉ፤ ምግቡ ለብ ሲል ነቅተው ይራባሉ። መርዝ ከረጩበት በኋላ ደግሞ ቢያሞቁትም መርዙ ላይጠፋ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አይነግርዎትም። ስኳሩን በተመለከተ አማትዎ ማርማላታ አስበው ከሆነ ልክ ናቸው፤ እሱ ሳይበላሽ የሚቆየው ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ነው። ያን ያህል ስኳር ለ9 ወር ልጅ አንሰጥም።

ስለዚህ ፔርሙዙን ለፈላ ውሃ ብቻ ያድርጉት። ምጥን ዱቄቱን በደረቁ፣ የአንድ ጊዜውን ለየብቻ ቋጥረው ይያዙ። የሰርግ ቤት ደግሞ ምድጃ አያጣም። ጓዳ ያሉትን ሴቶች አንድ ድስትና አንድ ጥግ ቢለምኑ እምቢ የሚልዎት የለም፤ እንዲያውም ነጥቀው ሊያገነፉልዎት ይችላሉ፣ እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸውን ብቻ ይዩ። ዱቄቱን የፈላ ውሃ አፍስሶ መበጥበጥ አይበቃም፤ በተለይ ጥራጥሬ ካለበት እሳት ላይ በደንብ መብሰል አለበት።

ለመንገዱ ሙዝና የበሰለ አቮካዶ ይያዙ። ልጣጫቸው ከማንኛውም ሳህን ይሻላል፤ አጥበው፣ ልጠው፣ በማንኪያ ደፍጥጠው ወዲያው ይስጧት። የተረፈውን አያስቀምጡላት፤ ምራቋ የነካው ማንኪያ ተመልሶ ስለገባበት ቶሎ ይበላሻል፣ ይብሉት ወይም ይድፉት። መኪናው እየሄደ ግን አያብሏት፣ ትን ሊላት ይችላል። ጥግ ይዛችሁ ቁሙ።

ጡት የምትጠባ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ግማሽ ጭንቀት ቀለለ። ነጠላዎን ጣል አድርገው ያጥቧት።

ስለ አጥሚቱ አንድ ነገር ልጨምር። እናቶች ለመንገድ ሲሆን በጡጦ እንዲወርድ ያቀጥኑታል። የ8 ኪሎ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ ያንን ውሃ ከሞላው ምግቡ የት ይገባል? ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ ይሁን። ጡጦውን ቤት ይተዉት፣ የሚጠባውን ጫፉንና አንገቱን መንገድ ላይ አጥቦ ማጽዳት አይቻልም። ኩባያና ማንኪያ ይበቃል።

ሌላው ስጋቴ ዘመድ ነው። ሰርግ ላይ ልጅ ከእጅ እጅ ትዞራለች፤ አንዱ ለስላሳ ያስቀምሳታል፣ አንዷ ወጥ በጣቷ ታልሳለች። ሁሉንም መከልከል አይችሉም፣ ማርን ግን አጥብቀው ይከልክሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል፤ ንጹሕ የጫካ ማር መሆኑ አያድነውም።

ቦርሳዎ ውስጥ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ይጨምሩ። ተቅማጥ ከያዛት አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው፣ ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይስጧት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ይድፉት። ጡትና ምግብ አያቋርጡባት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ዚንክ ይሰጥዎታል፤ ለእሷ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘላትን ቀን ያስጨርሷት። ሰገራዋ ላይ ደም ካዩ፣ የጠጣችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ መጥባት ካቃታት፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘች ግን ሰርጉ አለቀ አላለቀ ሳይሉ እዚያው በቅርብ ያለ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ አዲስ አበባ እስክትደርሱ አይጠብቁ።